አንድ ላፕቶፕ በደጋና በቆላ፦ የማራገቢያን ፍጥነት በሶፍትዌር መቆጣጠር በሰሜን ሸዋ ምን ያህል ያዋጣል?

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ ጣርማ በርን ተሻግሮ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት የሚገባ መንገደኛ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁለት ይወርዳል። ጠዋት ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ከመኪናው ሲወርድ ጋቢውን በክንዱ አንጠልጥሎ ጥላ ይፈልጋል። ቦርሳው ውስጥ ያለው ላፕቶፕ ግን ልብስ አይቀያይርም፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የተጻፈለትን አንድ የማቀዝቀዣ መመሪያ ይዞ በደጋም በቆላም ይሠራል።

በሁለቱም ከተሞች ጥገና ቤቶች ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ላፕቶፔ በጣም ይግላል፤ ፋኑን የሚያፈጥን ፕሮግራም ጫንልኝ» ይባላል። ጠያቂው የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወጣት፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያጠናቅቅ ተማሪ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ የምትሠራ ባለሱቅ ልትሆን ትችላለች። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በእርግጥ አሉ፣ አንዳንዶቹም በአግባቡ ይሠራሉ። ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚጠቅምበት ሁኔታ ጠያቂዎቹ ከሚያስቡት እጅግ የጠበበ ነው። በአካባቢያችን ሞቀ ተብሎ ወደ ጥገና ቤት ከሚመጣው ላፕቶፕ አብዛኛው ማራገቢያው ስለዘገየ የሞቀ አይደለም፤ ወይ አየሩ መውጫ አጥቷል፣ ወይ የላፕቶፑ ዋና አስሊ ቺፕ የሆነው ፕሮሰሰር ከሚያስፈልገው በላይ ሙቀት እያመረተ ነው። በዚህ ላይ ደግሞ ጥቂቶች ብቻ የሚያስቡት የከፍታ ጉዳይ አለ።

ማራገቢያውን የሚያዘው ማን ነው?

በላፕቶፕ ውስጥ ሙቀት የሚሄድበት መንገድ አጭር ነው። ከፕሮሰሰሩ ተነሥቶ፣ በጥገና ቤት ፔስት የሚባለውን ስስ ቅባት ተሻግሮ ወደ መዳብ ሰሌዳ ይገባል፤ ከዚያም ውስጡ ጥቂት ፈሳሽ በያዘ ጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦ በኩል ጠርዝ ላይ ወደተደረደሩት ስስ የብረት ክንፎች ይደርሳል። ማራገቢያው ከሥር አየር ስቦ በክንፎቹ መካከል ይገፋል፤ በጎን በኩል ስንነካው የሚሞቀን ይኸው አየር ነው። እንግዲህ ማራገቢያ ቅዝቃዜ አያመርትም፤ የክፍሉን አየር ያመላልሳል እንጂ። ክፍሉ 32 ዲግሪ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢዞር ፕሮሰሰሩን ከ32 ዲግሪ በታች ሊያወርደው አይችልም።

ይህን ማራገቢያ የሚያዘው ዊንዶውስ ሳይሆን ኢምቤድድ ኮንትሮለር የሚባል፣ በዋናው ሰሌዳ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ቺፕ ነው። ቺፑ ቁልፍ ሰሌዳውን፣ የባትሪውን አሞላልና የማራገቢያውን ፍጥነት አንድ ላይ ያስተዳድራል፤ ዊንዶውስ ቢቆም እንኳ እርሱ ሥራውን አያቆምም። ውስጡ የሠንጠረዥ መልክ ያለው ትእዛዝ አለ፤ ለምሳሌ 50 ዲግሪ ሲደርስ ተነሣ፣ 65 ሲደርስ ፍጠን፣ 85 ሲደርስ በሙሉ ኃይልህ ዙር የሚል። ሲቀዘቅዝም ወዲያው አይመለስም፤ በ65 የፈጠነው ምናልባት በ57 ይዘገያል። ይህ የዲግሪ ልዩነት ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው፤ ባይኖር ማራገቢያው በየሰከንዱ እየተነሣና እየተቀመጠ ጆሮ ያሰለች ነበር። የራሳቸውን ሠንጠረዥ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱትም ይህንኑ ነው።

ለዴስክቶፕ የተሠሩ ታዋቂ ፕሮግራሞች በላፕቶፕ ላይ ማራገቢያ ማግኘት የሚያቅታቸውም በዚህ ምክንያት ነው። በዴስክቶፕ የማራገቢያው ሽቦ ዋናው ሰሌዳ ላይ በሚታወቅ መሰኪያ ስለሚገባ ፕሮግራሙ በቀጥታ ያገኘዋል፤ በላፕቶፕ ግን ከፊቱ ኮንትሮለሩ ቆሟል፣ የኮንትሮለሩም ቋንቋ ከአምራች አምራች፣ አንዳንድ ጊዜም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ለዓመታት ስሙ የገነነው ስፒድፋን በብዙ ላፕቶፖች ላይ የሙቀት ቁጥር ከማሳየት የማያልፈው ለዚህ ነው።

ስለ ሙቀት ቁጥሩም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የብዙዎቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች የመጨረሻ የሙቀት ወሰን 100 ዲግሪ ነው፤ የኤኤምዲ ራይዘን ደግሞ እንደ ሞዴሉ ብዙውን ጊዜ ከ95 እስከ 105 ይሆናል። ወሰኑ ሲነካ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ተጠቃሚው «ተጎተተ» የሚለው ይህንን ነው። ያም አልበቃ ብሎ ሙቀቱ ከቀጠለ መሣሪያው በቅጽበት ይጠፋል። ስለዚህ ከባድ ሥራ ላይ 90 ዲግሪ ማየት ብቻውን ብልሽት አይደለም። ባዶውን ተቀምጦ፣ አንድ የጽሑፍ ገጽ ብቻ ተከፍቶ 85 ዲግሪ የሚያሳይ ላፕቶፕ ግን በእርግጥ ታሟል።

ቀዝቃዛ ግን ስስ አየር

ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ ስለዚህ ላፕቶፕ አይሞቅም የሚል እምነት በከተማው ሰፊ ነው። ግማሽ እውነት አለው። አየር ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው በመጠኑ ሳይሆን በክብደቱ ነው፤ ማራገቢያ ደግሞ በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር መጠን በቆላም በደጋም ያው ነው። ልዩነቱ በዚያ መጠን ውስጥ ስንት ግራም አየር አለ የሚለው ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው 71 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። በ18 ዲግሪ ክፍል ውስጥ አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.86 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት፣ ክፍሉ 32 ዲግሪ ቢሆን እንኳ፣ ያው አንድ ሜትር ኩብ 0.99 ኪሎ ግራም ይሆናል። ላፕቶፖች ብዙውን ጊዜ ተነድፈው በሚሞከሩባቸው ዝቅተኛ ቦታዎች፣ በባሕር ጠለል በ25 ዲግሪ፣ 1.18 ኪሎ ግራም ነው። በአንድ ዓይነት የማራገቢያ ፍጥነት የሸዋ ሮቢት አየር ከደብረ ብርሃኑ በ15 በመቶ ያህል ይከብዳል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሙቀት ርቀቱ ይታሰብ። ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ ላይ ነው ብንል፣ ከደብረ ብርሃኑ ክፍል ጋር ያለው ልዩነት 77 ዲግሪ፣ ከሸዋ ሮቢቱ ጋር 63 ዲግሪ፣ ከባሕር ዳርቻው ጋር 70 ዲግሪ ነው። የአየሩን ክብደት በዚህ ልዩነት ብናባዛው ለደብረ ብርሃን 66፣ ለሸዋ ሮቢት 62፣ ለባሕር ዳርቻ 83 ገደማ ይወጣል። ስሌቱ ጥሬ ነው፤ ሙቀቱን ከሚያግተው ነገር ከፊሉ በፔስቱና በብረቱ ውስጥ ስለሆነና ያ ክፍል ከፍታን ስለማያውቅ፣ በተግባር የሚታየው ልዩነት ከዚህ ይጠባል። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ የሚሰጠውን ጥቅም የአየሩ ስስነት አብዛኛውን መልሶ ይወስደዋል፣ ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ዳርቻው ወደኋላ ይቀራሉ። ውርጭ የሚጥልበት የታኅሣሥ ሌሊት ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከላፕቶፑ ይልቅ የሚተይበው ጣት ያሳስባል።

ይህን አምራቾችም ያውቁታል። ሌኖቮ በቲንክፓድ መመሪያ መጽሐፎቹ ላይ መሣሪያው እስከ 2,438 ሜትር ከፍታ ድረስ እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት እንደሚሠራ፣ ከዚያ በላይ ሲወጣ ግን የተፈቀደው የክፍል ሙቀት ወደ 31.3 ዲግሪ እንደሚወርድ፣ የመጨረሻው ከፍታም 3,048 ሜትር እንደሆነ ይጽፋል። ደብረ ብርሃን ከመጀመሪያው መስመር በላይ ናት። ከ3,000 ሜትር በላይ የምትገኘው መሐል ሜዳ ደግሞ ከሁለተኛው መስመር ጋር ትጋፋለች። አሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክም መረጃ የሚያነብበት ጫፍ በስስ የአየር ሽፋን ላይ ስለሚንሳፈፍ፣ የብዙዎቹ የከፍታ ወሰን ተመሳሳይ ነው። መንዝ ላይ ያለ አሮጌ ላፕቶፕ ዲስኩን ተሽከርካሪ ክፍል በሌለው ኤስኤስዲ ቢቀይር ከፍጥነቱ ሌላ ይህን ስጋትም ይገላገላል።

ከዚህ ስሌት ለማራገቢያ ፕሮግራም የሚደግፍ አንድ ክርክር ይወጣል። ሠንጠረዡ የተጻፈው ለከባድ አየር ከሆነ፣ በደብረ ብርሃን አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው በእያንዳንዱ የሙቀት ደረጃ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ትንሽም ፈጥኖ ቢዞር ተገቢ ነው። ፕሮግራሙ በእርግጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ይህ የሚሆነው ግን ማራገቢያው ገና ያልተጠቀመበት ፍጥነት ሲኖረው ብቻ ነው። ቀድሞውኑ በሙሉ ኃይሉ እየዞረ ያለን ማራገቢያ የትኛውም ፕሮግራም ሊያፈጥነው አይችልም።

ፍጥነት ዋጋ አለው

ማራገቢያ ሲፈጥን የሚገፋው አየር ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይጨምራል፤ የሚበላው ኃይል ግን በፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ መባዛት ያድጋል። በደቂቃ ከ3,000 ዙር ወደ 4,500 የወጣ ማራገቢያ አንድ ተኩል እጥፍ አየር ይገፋል፣ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይወስዳል፣ ጩኸቱም 9 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሙቀቱም በአንድ ተኩል እጥፍ አይወርድም፤ ከፕሮሰሰሩ እስከ ብረት ክንፎቹ ያለው እንቅፋት እንዳለ ነው፣ የሚቀንሰው ከክንፎቹ ወደ አየሩ ያለው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጭማሪ ብዙ ያወርዳል፣ ቀጣዩ ያነሰ፣ የመጨረሻው ጩኸት ብቻ ይሆናል።

የት ነው ይህን ማስተካከል የሚቻለው? በመጀመሪያ የአምራቹ የራሱ ፕሮግራም ይፈተሽ። ሌኖቮ ቫንቴጅ፣ በአንዳንድ ሞዴሎችም የኤፍኤን እና የኪው ቁልፎችን አንድ ላይ መጫን፣ ጸጥታን፣ ሚዛናዊነትንና ከፍተኛ ሥራን ያፈራርቃል። የዴል ፓወር ማኔጀር ጸጥተኛ፣ ቀዝቃዛ፣ የተመጣጠነና ከፍተኛ ሥራ የሚሉ አራት ሁኔታዎች አሉት። የአሱስ እና የኤምኤስአይ የጨዋታ ላፕቶፖች ሠንጠረዡን ራሱን እስከ ማስተካከል ይፈቅዳሉ። በብዙ የኤችፒ የቢሮ ላፕቶፖች ላይ የሚገኘው፣ ባዮስ በሚባለው፣ ከዊንዶውስ ቀድሞ በሚነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም ውስጥ፣ ቻርጀር ሲሰካ ማራገቢያው ሁልጊዜ ይዙር ወይስ አይዙር የሚል ምርጫ ብቻ ነው። ሊኑክስ የጫነ የቲንክፓድ ባለቤት የተሻለ ዕድል አለው፤ ከ0 እስከ 7 ያሉ የፍጥነት ደረጃዎችን በቀጥታ ማዘዝ ይችላል፣ ሲስተሙን ከሃርድዌሩ ጋር የሚያገናኘው ድራይቨርም መቆጣጠሪያው ፕሮግራም ቢሞት እስከ 120 ሰከንድ በሚደርስ የተወሰነ ጊዜ ውስጥ ማራገቢያውን ወደ ራሱ አሠራር የሚመልስ ዘበኛ አለው። ለማክቡክ ማክስ ፋን ኮንትሮል የሚባለው በደንብ ይሠራል። ከኤም1 ጀምሮ ያለው ማክቡክ ኤር ግን ማራገቢያ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም፤ ይህን ይዞ «ፋኑን አፍጥንልኝ» የሚል ደንበኛ ገጥሞኝ ለማስረዳት ብዙ ደክሜያለሁ።

የአምራቹ ፕሮግራም ካልፈቀደ የሚቀረው ኖትቡክ ፋንኮንትሮልን የመሰለ፣ ወደ ኢምቤድድ ኮንትሮለሩ የማስታወሻ ሣጥኖች በቀጥታ የሚጽፍ ፕሮግራም ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአንዱ ሞዴል የማራገቢያ ፍጥነት የሚቀመጥበት ሣጥን በሌላው የባትሪ አሞላል የሚታዘዝበት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ «ይመሳሰላል» ተብሎ የሌላ ሞዴል ማስተካከያ መጫን በጨለማ የሰው ቤት እንደ መግባት ነው። ሁለተኛው ችግር ፕሮግራሙ ዝቅተኛ ፍጥነት አዝዞ ሳለ ዊንዶውስ ቢቆም፣ በአንዳንድ ላፕቶፖች ማራገቢያው በዚያው ዝግታ ሊቀር መቻሉ ነው። ፕሮሰሰሩ ራሱን ያድናል፤ በዙሪያው ያሉት የኃይል ክፍሎችና ባትሪው ግን ያን ያህል ዋስትና የላቸውም። ሦስት የማራገቢያ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ የጫነ ሰው ላፕቶፕም አይቻለሁ፤ አንዱ ሲያፈጥን ሌላው ሲያዘገይ ማራገቢያው እንደ ደከመው ሰው እያቃሰተ ይነሣና ይተኛ ነበር። ፕሮግራሞቹን ማጥፋት ብቻ በቂ ሆነ።

ከደኅንነትም አንጻር ነገሩ ቀላል አይደለም። እነዚህ ፕሮግራሞች ሃርድዌሩን የሚነኩት የዊንዶውስ እምብርት ውስጥ በሚገባ ድራይቨር አማካይነት ነው። ብዙዎቹ የሚጋሩት ዊንሪንግ0 የሚባል አሮጌ ድራይቨር ሲሆን፣ ድክመቱ እ.ኤ.አ. በ2020 በይፋ ተመዝግቧል፤ ማንኛውም ተራ ፕሮግራም በዚህ ድራይቨር በኩል ሙሉ ሥልጣን ሊይዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የማይክሮሶፍት ዲፌንደር ይህን ድራይቨር እንደ አደገኛ መቁጠር ሲጀምር የብዙ ሰዎች የማራገቢያ ፕሮግራሞች በድንገት ሥራ አቆሙ። በዚህን ጊዜ ዲፌንደርን አጥፍቶ ፕሮግራሙን ማስቀጠል አንዳንዶች የመረጡት መንገድ ነው፤ በእኔ እምነት ስሕተት ነው። ፍላሽ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር በሚዞርበት፣ ፕሮግራምም በቴሌግራም በሚቀባበሉበት ከተማ ጥበቃን ለማራገቢያ ብሎ መዝጋት ለበግ ብሎ የበረቱን በር ለጅብ እንደ መክፈት ነው።

ሙቀቱን ከምንጩ መቀነስ

ከማራገቢያው ይልቅ ብዙ ውጤት የሚሰጠው ሌላ ሶፍትዌር ነክ ማስተካከያ አለ፤ የሚገርመው ደግሞ ምንም የሚጫን ነገር አይፈልግም። በላፕቶፕ ላይ 15 ዋት ተብሎ የተሰየመ ፕሮሰሰር ለአጭር ጊዜ ከዚያ በጣም ከፍ ያለ ኃይል እንዲወስድ ተፈቅዶለታል፤ ቱርቦ የሚባለው ይህ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ቮልቴጁም አብሮ ይጨምራል፣ የሚባክነው ኃይል ደግሞ ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ያድጋል። በዚህ ምክንያት የመጨረሻዋ ትንሽ የፍጥነት ጭማሪ ከሁሉም የበለጠ ሙቀት ታስከፍላለች።

በዊንዶውስ የኃይል አማራጮች ውስጥ፣ የላቁ ቅንብሮች በሚለው ሥር፣ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚል መስመር አለ። ቁጥሩ ከ100 ወደ 99 ሲወርድ በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ቱርቦው ይጠፋል። የአንድ በመቶ ለውጥ ይመስላል፤ በተግባር ግን የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ፍጥነት ወደ መሠረታዊው ያወርደዋል፣ ሙቀቱም ብዙ ጊዜ በሚያስገርም መጠን ይቀንሳል። ለጽሕፈት፣ ለኢንተርኔት፣ ለሒሳብ ሠንጠረዥ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ግን ዋጋ አለው፤ አንድ የሠርግ ፊልም አውጥቶ ለመጨረስ የሚፈጀው ሰዓት ይረዝማል። ሆኖም ላፕቶፑ በሙቀት ምክንያት ቀድሞውኑ እየተጎተተ ከሆነ፣ ያለ ቱርቦ በዝግታ ነገር ግን ሳያቋርጥ መሥራቱ አንዳንዴ ከሁለቱ ፈጣኑ ሆኖ ይገኛል። ይህን በሰዓት መለካት ይቻላል፤ መገመት አያስፈልግም። በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች መስመሩ ተደብቋል፤ በእነርሱ ላይ የኃይል ሁኔታውን ወደ ቆጣቢነት ማዞር ተቀራራቢ ሥራ ይሠራል።

እዚያው አካባቢ ሲስተም ኩሊንግ ፖሊሲ የሚል ሌላ ምርጫም ይገኛል። አክቲቭ ሲባል ማራገቢያው ይቀድማል፣ ያ ካልበቃ ፕሮሰሰሩ ይዘገያል፤ ፓሲቭ ሲባል ተቃራኒው ነው። ቻርጀር ላይ ሲሠራ አክቲቭ፣ በባትሪ ፓሲቭ ማድረግ ለእኛ አካባቢ የሚስማማ ይመስለኛል። ቮልቴጅን ብቻ ለይቶ ዝቅ ማድረግ የሚባለው ዘዴ በፊት ጥሩ ውጤት ይሰጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ፕላንደርቮልት የተባለው ድክመት ይፋ ከሆነ በኋላ ግን በብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ በባዮስ ተዘግቷል።

አራት ምልክቶች

ከመጫንም ከመፍታትም በፊት መለካት ይቅደም። ኤችደብሊውኢንፎን ወይም ኤችደብሊውሞኒተርን የመሰለ የሙቀት ማሳያ ከአምራቹ ገጽ ወርዶ ይከፈት፤ ላፕቶፑ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ቻርጀር ተሰክቶ፣ አንድ የታወቀ ከባድ ሥራ ለግማሽ ሰዓት ይሥራ። የፕሮሰሰሩ ሙቀት፣ ፍጥነቱ፣ ከታየም የማራገቢያው ዙር ይመዝገብ፤ እጅም መውጫው ፊት ይዘርጋ። ጠዋት ደብረ ብርሃን የተለካውን ከሰዓት በኋላ ሸዋ ሮቢት ከተለካው ጋር ማወዳደር ምንም አይነግርም፤ ክፍሉም ሰዓቱም አንድ ይሁን።

ፕሮሰሰሩ ወሰኑን ነክቶ፣ ማራገቢያው እየጮኸ፣ የሚወጣው አየር ግን ብዙም የማይሞቅ ከሆነ፣ ሙቀቱ ክንፎቹ ጋ እየደረሰ አይደለም። ፔስቱ ደርቋል፣ ወይም የመዳብ ሰሌዳው ላልቷል፣ ወይም ቱቦው ተበላሽቷል። ለዚህ ፕሮግራም አይሠራለትም።

ማራገቢያው እየጮኸ የሚወጣው አየር ደካማና የሚያቃጥል ከሆነ ክንፎቹ ተዘግተዋል። የሰሜን ሸዋ ደጋ ለዚህ የራሱ ጥሬ ዕቃ አለው። ብርዱ ስለሚያስገድድ ላፕቶፕ አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ወይም የመንዝ ባና ላይ ይቀመጣል፤ አየር መሳቢያው ከሥር ይታፈናል፣ የሱፍ ጭረቱም ወደ ውስጥ ይገባል። ኩበት በሚነድበት ቤት ጭሱ ቅባት ነክ ስለሆነ ጭረቱን ከአቧራ ጋር ያጣብቀዋል። ከፍቼ ያየኋቸው አንዳንድ ላፕቶፖች በማራገቢያውና በክንፎቹ መካከል ተቆርጦ ሊሰፋ የሚችል የሚመስል ወፍራም ንጣፍ ነበራቸው። በሸዋ ሮቢት የሚገኘው ይልቁን ደረቅ አቧራ ነው፤ እርሱ ይቀላል፣ ብሎወር ያስወጣዋል። የሱፉ ንጣፍ ግን ከውጭ ሲነፋ ይበልጥ ይጠቀጠቃልና ክዳኑ ተከፍቶ በእጅ መነሣት አለበት። ሲነፋም የማራገቢያው ክንፍ በቀጭን እንጨት ይያዝ፤ በብሎወር ኃይል ከአቅሙ በላይ የዞረ ማራገቢያ መያዣው ይጎዳል።

አየሩ ብርቱም ሞቃትም ከሆነ የማቀዝቀዣው ሥርዓት ጤነኛ ነው፤ የሚቻለውን ሁሉ እየሠራ ነው። እዚህ ላይ የሚቀረው ከላይ የተባለው የ99 በመቶ ማስተካከያ፣ ወይም የላፕቶፑን ጀርባ በሁለት የጠርሙስ ክዳኖች ከፍ አድርጎ አየር ማስገባት ነው።

አራተኛው ምልክት ፕሮሰሰሩ ከ90 በላይ ወጥቶ ሳለ ማራገቢያው ገና እየተንፏቀቀ መገኘቱ ነው። መጀመሪያ ባዮስ ይታደስ፣ የአምራቹ ፕሮግራም በጸጥታ ሁኔታ ላይ ተቀምጦ እንደሆነም ይታይ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ግን ጉዳዩ በእርግጥ የሠንጠረዡ ነው፣ የማራገቢያ መቆጣጠሪያ ፕሮግራምም የተሠራው ለዚህ ነው። ሲዘጋጅ ከፋብሪካው ሠንጠረዥ በታች የሚያዘገይ ትእዛዝ አይሰጥ፤ ወደ ላይ ብቻ ይስተካከል። በመነሻና በመመለሻ ዲግሪ መካከል ቢያንስ ስምንት ዲግሪ ይተው፤ ከ85 ዲግሪ በላይ ደግሞ ጩኸቱ ሳይታሰብ ሙሉ ፍጥነት ይታዘዝ። ላፕቶፑ ሊሸጥ ወይም ለሌላ ሰው ሊተላለፍ ሲል ፕሮግራሙ ተነቅሎ ማራገቢያው ወደ ራሱ አሠራር ይመለስ፤ ሁለተኛ እጅ ገዝተው ምክንያቱ ሳይገባቸው የሚመላለሱ ሰዎች አሉ።

በሸዋ ሮቢት የሠርግ ፊልም የሚያቀናብሩት ልጆች ደግሞ በጥር ወር ሥራ ሲደራረብባቸው አንድ ልማድ አላቸው። ቀን ቆርጠውና ቀጥለው ያዘጋጁትን ማታ ፊልሙ እንዲወጣ አዝዘው ይተኛሉ፤ ሌሊቱ ከቀኑ በአሥር ዲግሪ ያህል ሲቀዘቅዝ የማራገቢያው ሥራ ይቀልላል። ላፕቶፑን የሚተዉት ግን መስኮት አጠገብ፣ ጠረጴዛ ላይ እንጂ አልጋው ጫፍ ላይ አይደለም።